ሀዋሳ ያላችሁ እርዱኝ፣ የድሮ ግቢዬ በር ላይ ቀርቻለሁ

ሰላም ቤተሰብ። ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ከአዲስ አበባ ትናንት ማታ ሀዋሳ ገባን። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ ያስደስታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከባጃጅና ከአህያ ጋሪ ጋር እየተጋፉ ነው።

ዛሬ ጠዋት የተማርኩበትን የዩኒቨርሲቲ ግቢ ላሳያቸው ብሄድ ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀኝ። የተማሪነቴን ከየት ላምጣው? ቴምፖዬን (ጊዜያዊ ዲግሪዬን) ከስልኬ አሳየሁት። ስልኩን ከፀሐይ ከለል አድርጎ ፎቶውን ከፊቴ ጋር አመሳከረ። «ጋሼ፣ ያኔ ፀጉር ነበረዎት» ብሎ ሳቀ። ማስገባቱን ግን እንጃ! ከቢሮ ደብዳቤ አምጣ ነው ነገሩ። ቅዳሜ ደግሞ ቢሮው ዝግ ነው። ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም።

ልጆቹ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣቸውን እየበሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች እያዩ ነገሩን ረስተውታል። እኔ ግን አልቆረጠልኝም። ዶርሜንና ለምሳ የምንሰለፍበትን ካፌ ብቻ ባሳያቸው ይበቃኛል።

በቅርቡ ቤተሰብ ይዞ የገባ አለ? ውስጥ የሚሠራ ሰው በር ድረስ መጥቶ ኃላፊነት ቢወስድልኝ ያስገቡናል? ወይስ የግድ ደብዳቤ ነው? ሰኞ ልጆቹ ትምህርት አላቸው፣ ነገ ከሰዓት እንመለሳለን። የምታውቁ ቶሎ በሉልኝ።