ሆርን ስፒከር ሳሎን ይገባል ወይስ አይገባም?

ጠባሴ፦ ትናንት እዚሁ ደብረ ብርሃን ቡና እየጠጣን አንድ የድምፅ ባለሙያ «ሆርን፣ ይሄ አፉ እንደ ጥሩንባ እየሰፋ የሚሄደው ስፒከር፣ የሰርግ ድንኳን ዕቃ ነው፤ ሳሎን ከገባ ጆሮ ይበላል» አለ። ሰው ሁሉ ተስማማ። አንጀቴ ነው ያረረው። ፖል ክሊፕሽ በ1946 እ.ኤ.አ. ያወጣው ክሊፕሾርን የሚባለው ሆርን ስፒከር እኮ ለመኖሪያ ቤት ጥግ የተሠራ ነው። 3 ሜትር ርቀህ ተቀመጥና ስማው፣ ከዚያ እናውራ።

ባሶና፦ ሰውየው ምን አጠፋ? የ50 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ ነው። የሆርኑ አፍ ለዚያ ካነሰ ድምፁ እየተመለሰ ይገባል። አንዱ የባስ (የወፍራም ድምፅ) ኖታ ያብጣል፣ ሌላው ይጠፋል። የኛ ሳሎን ደግሞ ሶፋና ቡፌ ከገቡበት ማለፊያ የለውም።

ጠባሴ፦ ጥግ የሚፈለገው ለዚህ ነዋ! ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ የሆርኑ ቀጣይ ይሆናሉ። ድምፁ የሚበተንበት ቦታ አንድ ስምንተኛ ብቻ ስለሚሆን አፉም በዚያው ልክ ማነስ ይችላል።

መንዝ ማማ፦ የአባቴ ቤት ክብ የድንጋይ ቤት ነው። ጥግ ከየት ላምጣ?

ጠባሴ፦ በወፍራም ጣውላ ሰው ሠራሽ ጥግ ይሠራል። ብዙዎች አድርገውታል።

ባሶና፦ ጥጉን ተወውና «3 ሜትር» ያልከውን አስረዳን። ባሱ የሚወጣው ከታች፣ መካከለኛው ድምፅ ከላይ፣ ቀጭኑ ድምፅ ከዚያም በላይ ነው። ቀርበህ ከተቀመጥክ ሦስት የተለያየ ዕቃ ነው የምትሰማው። አንድ ድምፅ እስኪሆን መራቅ አለብህ። በ4 ሜትር ክፍል ወዴት ነው የምትርቀው?

ሰላ ድንጋይ፦ ጋሼ ባሶና እዚህ ላይ ልክ ናቸው። የታጠፈ የባስ ሆርን ውስጥ ድምፁ የሚሄድበት መንገድም ይረዝማል። 2 ሜትር ከረዘመ ባሱ 6 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ይሄ በርቀት አይስተካከልም፤ ባሱንና ቀጭኑን ለይቶ የሚልክና ቀጭኑን የሚያዘገይ ዲጂታል ክሮስኦቨር የሚባል ዕቃ ያስፈልጋል።

ሸዋ ሮቢት፦ ደብረ ብርሃን ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፁ ይዘገያል። ይሄን ማን አሰበው?

ሰላ ድንጋይ፦ ወንድሜ፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀት እንጂ ከፍታ አይደለም። በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር፣ በ10 ዲግሪ 337 ነው። 2 ከመቶ እንኳ አይሞላም።

ሸዋ ሮቢት፦ ታዲያ ብርዱ አለ አይደል? እኛ ጋ በሙቀቱ የተሻለ ይሰማል ማለት ነው።

መንዝ ማማ፦ ደግሞ ቆላና ደጋ ልትከፋፍሉን ነው? እኔ ግድግዳው ላይ ባና ሰቅዬ ጩኸቱ በርዷል።

ባሶና፦ ባና ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ ባሱን አይነካውም። እንዲያውም ክፍሉ ይታፈናል።

ጠባሴ፦ በባና ከማፈን ሆርኖቹን ወደ ውስጥ ማዞር ይሻላል። ድምፁ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ የጎን ግድግዳውን ብዙ አይመታም። ከዚያ አንድ ማሲንቆ ክፈቱ። ኖታው ሳይወጣ የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ ሲፍቀው ይሰማል። ይሄን በተራ ሣጥን ስፒከር የሰማ ይንገረኝ። ክሊፕሾርን በ1 ዋት 105 ዴሲቤል ይሰጣል ይባላል። 90 የሚሰጠው ስፒከር እዚያ ለመድረስ 32 ዋት ያህል ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ እኔ በባትሪና በትንሽ አምፕሊፋየር እሰማለሁ፤ እናንተ ሻማ ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ።

ባሶና፦ ዋቱን ማን ጠየቀህ? 3 ሜትሩን ነው የጠየቅኩህ። ሜትር ይዘህ ከመቀመጫህ እስከ ሆርኑ ለካና ቁጥሩን እዚህ ጻፍ።

ጠባሴ፦ እለካለሁ። አንተም በሕይወትህ አንድ ሆርን ቤት ውስጥ ሰምተህ ታውቅ እንደሆነ ጻፍ።

ባሶና፦ መጀመሪያ ሜትሩን።