«የመጫወቻ ጊዜ የለንም»፦ ማን ነው ‹እኛ›?

ቤቲ ጉለሌ፦
ትናንት አንድ የወጣቶች ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። መድረኩን የያዘው ሰው ስለ ፕሮግራመሮቻችን ሲናገር «አንዳንዶቹ በማይረባ ቋንቋ እንቆቅልሽ ይጽፋሉ። እኛ የመጫወቻ ጊዜ የለንም» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሆዴ እየነደደ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚህ የለጠፍኩትን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ቢኤፍ የሚሉትን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ (ሙሉ ስሙ ስድብ ስለሆነ አልጽፈውም) ወስጄ፣ ስምንቱን ምልክቶቹን አውጥቼ የእኛን ሥርዓተ ነጥብ አስገባሁበት። ማሽኑ ቁጥር የሚይዙ የተደረደሩ ጉድጓዶች አሉት፤ ፡ ወደ ቀኙ ጉድጓድ ይሄዳል፤ ፥ ወደ ግራው ይመልሳል፤ ፣ አንድ ይጨምራል፤ ፤ አንድ ይቀንሳል፤ ። ያትማል፤ ፧ ከሰው ይቀበላል፤ ፦ የሚደጋገም ዙር ይከፍታል፤ ፨ ዙሩን ይዘጋል። በእነዚህ ብቻ «ሰላም» ብሎ የሚያትም ፕሮግራም ጻፍኩ። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ሦስቱም ማታ የራሴ ነበሩ። «እኛ» ሲል ማንን ነው?

የአዳማው፦
እኔን ነው። ፕሮግራሚንግ የተማርኩት በስልክ ነው፤ ፓኬጅ እየቆጠብኩ፣ ቪዲዮውን በዝቅተኛው ጥራት እያየሁ። ላፕቶፕ ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም ባትሪው የሞተ፣ መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄድ። ሥራ መፈለግ ከጀመርኩ ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ሰውየው የእኔን ነገር ነው የተናገረው፤ አዳራሹ ውስጥ ብኖር አጨበጭብ ነበር። ሦስት ማታ ከተረፈሽ ለሦስት ልጆች ዌብ አስተምሪበት።

ሚኪ ባይት፦
ክርክሩን ሳልገባበት አንድ እርማት። የኢትዮጵያ ሥርዓተ ነጥብ በዩኒኮድ (ለየፊደሉ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው የዓለም መዝገብ) ስምንት አይደለም፤ ዘጠኝ ነው። ፠ን ረስተሻታል።

ቤቲ ጉለሌ፦
ሚኪ፣ አልረሳኋትም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ የነበሩት ስምንቱ ናቸው። ፠ የተጨመረችው በ2005 ነው። ስምንቱ ተከታትለው ተቀምጠዋል፤ ቢኤፍም ትእዛዙ ስምንት ነው። ይህን ያየሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሚኪ ባይት፦
በ2005 የገባ ሁሉ አይቆጠርም ማለት ነው?

ሐና፦
የአዳማው፣ ሥራ ፍለጋውን አውቀዋለሁ፤ ይገባኛል። ግን የቤቲ ጨዋታ ምን እንዳስተማረኝ ልንገርህ። «ሰላም» ሦስት ፊደል ናት፤ ማሽኑ ውስጥ ግን ዘጠኝ ባይት (አንዱ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይይዛል) ናት፦ 225 136 176፣ 225 136 139፣ 225 136 157። መጀመሪያ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ሦስቱም ላይ አይለወጡም፤ የሚለወጠው የመጨረሻው ብቻ ነው። ቤቲ 225ን አንድ ጉድጓድ ውስጥ፣ 136ን ሌላ ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጣ ሦስተኛውን ብቻ ነው የነካካችው፤ ከሰ ወደ ላ 37 መቀነስ፣ ከላ ወደ ም 18 መጨመር። ይህን በጣቴ ከተከተልኩ በኋላ የምሠራበት ቦታ ላይ ለወራት ያስቸገረን ነገር ተገለጠልኝ። የደንበኞች ስም ይቆረጥ ነበር፤ ወልደገብርኤል የነበረው «ወልደገብር» ይሆንና ጫፉ ላይ ጥያቄ ምልክት ይለጠፍበታል። ሲስተሙን የሠራው ድርጅት ችግሩ የእናንተ ፎንት ነው ብሎን ነበር። ፎንት አይደለም። የስሙ ቦታ 20 ባይት ነው፤ ስድስት ፊደል 18 ባይት ይወስዳል፤ የቀረችው ሁለት ባይት ሰባተኛውን ፊደል አትይዝም። ይህ ዳቦ ነው ወይስ ጨዋታ?

የአዳማው፦
ሐና፣ ይህን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ስለ ዩቲኤፍ 8 (ፊደል ወደ ባይት ስለሚቀየርበት ደንብ) ማንበብ ይበቃል። ሦስት ማታ አያስፈልግም።

ሐና፦
አንብቤው ነበር እኮ! ሁለት ጊዜ። አልገባኝም ነበር።

ቤቲ ጉለሌ፦
ሐናዬ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን በጥቅሙ አትከላከዪልኝ። የስም ችግር ባይኖርም ኖሮ እጽፈው ነበር። «ጥቅም አለው» ካልን ነገ ጥቅሙ ያልታየውን ሁሉ አሳልፈን ልንሰጥ ነው።

ጋሽ ታዴ፦
ልጆች፣ እኔ ፕሮግራም በተበሳ ካርድ በሚገባበት ዘመን ነው የጀመርኩት፤ ኮቦል በሚባል ቋንቋ። የማሽን ጊዜ ምን ያህል ውድ እንደነበር ታሪክ አይደለም፤ ኖሬበታለሁ። አንድ ካርድ ከቦታው ከወጣ ውጤቱ የሚመጣው በማግሥቱ ነው። ስለዚህ ይህ «ጊዜ የለንም» የሚባለው ነገር አዲስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 ፕሪንስተን ሁለት ተማሪዎች፣ ዶን ዉድስና ጄምስ ላየን፣ ኢንተርካል የሚባል ቋንቋ አወጡ። ያኔም የማሽን ጊዜ ወርቅ ነበር። ቋንቋው ሆን ተብሎ ከሌሎቹ ቋንቋዎች አንዱንም እንዳይመስል የተሠራ ነው። ትእዛዝ ስትሰጡት በየመሃሉ «እባክህ» ማለት አለባችሁ፤ ካነሰ ባለጌ ናችሁ ብሎ ፕሮግራሙን አይቀበልም፤ ከበዛም አጎብዳጅ ናችሁ ብሎ አይቀበልም። እኔ ይህን ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ያኔ ባውቀው ኖሮ እነዚያን ሌሊቶች እንዴት ባለ ልብ ባሳለፍኳቸው።

የአዳማው፦
ጋሼ፣ አክብሬዎታለሁ፤ ግን የተናገሩት ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ፕሪንስተን! ማሽኑም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በተሟላለት ተማሪ ነው የሚመሰክሩት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እሺ ፕሪንስተንን ተዉት። ቢኤፍን እ.ኤ.አ. በ1993 የሠራው ኡርባን ሙለር ስዊስ ነው፤ አሚጋ በምትባል የቤት ኮምፒውተር ላይ። ፍላጎቱ ከሁሉ ያነሰ ኮምፓይለር (የተጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) መጻፍ ነበር፤ ከ300 ባይት በታች አደረገው። ወንድሜ፣ ይህ የተትረፈረፈለት ሰው ሥራ አይደለም። በጠባብ ቤት ዕቃ መደርደር የለመደ ሰው ሥራ ነው። አንተ በሞተ ባትሪ የሠራኸው ነው።

የአዳማው፦
የእኔን ድህነት ለጌጥ አታውሉት። ጠባብ ቤት የምኖረው መርጬ አይደለም። ሙለር መርጦ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይህን በደንብ ተናገርከኝ። ይቅርታ።
አንድ ነገር ግን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2012 ራምሴ ናስር የሚባል ሊባኖሳዊ ፕሮግራመር ኒው ዮርክ ሆኖ ሙሉ በሙሉ በዓረብኛ የሚጻፍ ቋንቋ ሠራ። ስሙ ቀልብ ነው። አዎ፣ ያው እኛ «ቀልቤን ሳበው» የምንለው ቀልብ። ለምን ሠራው? ዓረብኛ ስታስገባባቸው የፕሮግራመር ዕቃዎች ሁሉ እንዴት እንደሚሰበሩ ለማሳየት። ኮድ የሚጻፍበት ኤዲተር ይዘበራረቃል፣ ትእዛዝ የሚሰጥበት ተርሚናል ፊደሉን ይበትናል። ቋንቋውን ለሥራ የሚጠቀም የለም፤ ያነሳው ጥያቄ ግን እስካሁን አልተመለሰም፦ ፕሮግራም ለመጻፍ መጀመሪያ እንግሊዝኛ መሆን ያለብን ለምንድን ነው? ቤቲ በ፡ እና በ። ያደረገችው ይህንኑ ነው። ቅኔ ነው፤ ላዩ ጨዋታ፣ ውስጡ ሌላ።

ዘዋሸራ፦
እዚህ ላይ ቁም ወንድሜ። ቅኔን እዚህ ውስጥ አታስገባው። ሰው ሁሉ አንድ ድብቅ ነገር ባየ ቁጥር «ቅኔ ነው፣ ሰምና ወርቅ ነው» ይላል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ እሷን ለመሙላት ልጅ ከቤቱ ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ውሻ እየነከሰው ለምኖ ያደገባት ናት። ነጥብ እየደረደሩ ሰላም ማስባል ከዚያ ጋር አይቆጠርም።

ቤቲ ጉለሌ፦
ቅኔ ነው አላልኩም። እኔ ያልኩት ገበጣ ነው። ጉድጓድ አለ፣ ጠጠር አለ፣ እጅህ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። ፣ ማለት አንድ ጠጠር መጣል ነው፤ ፤ ማለት አንድ ማንሳት። አያቴ ጓሮ ላይ መሬት ቆፍራ ታጫውተኝ ነበር፤ 225 ማስቀመጥ ስፈልግ በ15 ዙር፣ በየዙሩ 15 ጠጠር እየጣልኩ ያስቀመጥኩት ከእሷ በተማርኩት እጅ ነው።

ሚኪ ባይት፦
225ን በ15 ዙር? ከዜሮ 31 ጊዜ ብትቀንሺ ይበቃ ነበር፤ ባይቱ ዞሮ 225 ይሆናል።

ቤቲ ጉለሌ፦
የሚዞረው ጉድጓዱ ባለ አንድ ባይት ከሆነ ነው። ጉድጓዱን ሰፋ አድርጎ የሚሠራ ማሽን ላይ ከዜሮ በታች 31 ይሆንና ይበላሻል። የእኔ የትም ይሠራል።

ሐና፦
ዘዋሸራ፣ ሳላስቀይምህ ልጠይቅ። ያ ደበሎ የለበሰው ልጅ እየለመነ ቅኔ ሲቆጥር «የመጫወቻ ጊዜ የለንም» ያለው አልነበረም? እርሻ እያለ፣ ከብት እያለ፣ ሁለት ቤት ግጥም ስትሞላ ምን ትጠቅማለህ ያለው?

ዘዋሸራ፦
ነበር። አባቴም ብሎኛል። ግን የቅኔ ተማሪ ለጨዋታ አልሄደም፤ ለማኅሌት ነው የሄደው። የሚቆምለት ነገር አለ። ይህ የሚቆምለት ምንድን ነው?

ጋሽ ታዴ፦
ልጄ፣ መልስ እንዳለው ሰው ሳይሆን እንደሚያስብ ሰው ልንገርህ። ቅኔ አንድ ጊዜ ከተባለ አይደገምም፤ ለነገ አዲስ ነው። ልጁ ያገኘው አእምሮ ግን ይቀራል። ኤድዊን ብሬዲና ክሪስ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1 ቀን 2003 ዋይትስፔስ የተባለ፣ በባዶ ቦታ ብቻ የሚጻፍ ቋንቋ አወጡ፤ ክፍተት፣ ታብና አዲስ መስመር ብቻ፤ ፕሮግራሙን ብታትመው ነጭ ወረቀት ነው። ያው ብሬዲ በኋላ ኢድሪስን ሠራ፤ የፕሮግራምን ትክክለኛነት ገና ሳይሮጥ ማረጋገጥ የሚያስችል፣ ሊቃውንት የሚመራመሩበት ቋንቋ። አንዱ ሌላውን አመጣው አልልም። አንድ ሰው ሁለቱንም መሆን ቻለ ነው የምለው።

የአዳማው፦
ጋሼ፣ እንደገና እንግሊዝ አገር። ሁሉም ምሳሌያችሁ ፕሪንስተን፣ ስዊዘርላንድ፣ ኒው ዮርክ፣ እንግሊዝ ነው። «እኛ የመጫወቻ ጊዜ የለንም» የሚለውን አንድ በአንድ እያረጋገጣችሁልኝ ነው።

ቤቲ ጉለሌ፦
እኔስ? ጉለሌ የየት አገር ናት? የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው፤ ቀን የሰው ሂሳብ እሠራለሁ፤ ማታ መብራት ካለ እጽፋለሁ። የአዳማው፣ አንተ ስትጨነቅ እኔ ተመችቶኝ የምጫወት አስመሰልከኝ። «ጊዜ የለንም» ሲባል የሚያመኝ ይህ ነው፤ ለእኔም ወስኖልኛል። ድሃ አገር ስለሆንን ጭንቅላታችን የሚሰጠው ለተጠየቀው ብቻ ይሁን? ሰው ካዘዘን ውጭ እንዳናስብ? እኛ ተጠቃሚ፣ ቢበዛ ተቀጣሪ፣ ቋንቋ የሚፈጥር ግን ሌላ?

የአዳማው፦
እንደዚያ አላልኩም።

ቤቲ ጉለሌ፦
ሰውየው ብሏል። አንተም አጨበጭብ ነበር ብለሃል።

የአዳማው፦
አጨበጭብ ነበር ያልኩት ቃሉን ሳይሆን ጭንቀቱን ስለማውቀው ነው። አንቺ ሂሳብ ትሠሪያለሽ፤ ደመወዝሽ በወሩ ይገባል። ለእኔ ማታም ቀን ነው። እዚህ ላይ የሚበልጥና የሚያንስ የለም፤ ግን አንድ አይደለንም።

ዘዋሸራ፦
ይህ እውነት ነው። «እኛ» የሚለው ቃል ነው ያጣላን። እኔ ግን የጠየቅኩት አልተመለሰልኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የቻይናውን ላንሳ። ሊንግዶንግ ሁዋንግ የካርኔጊ ሜለን ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በጥንታዊው የቻይና የጽሕፈት ቋንቋ ፕሮግራም የሚጻፍበት ዌንያን የሚባል ሠራ። ጃቫስክሪፕት ወደሚባለው የዌብ ቋንቋ ይቀየራል፣ ይሮጣል። የቆመለት ነገር ካልከኝ፣ ሙት የተባለ ቋንቋ ማሽን ሲያዝ ማየት። በግእዝ ይህን የሚሠራ ሰው ቢነሳ የቅኔዋ አገር ዋሸራ ደስ አይላትም?

ዘዋሸራ፦
ግእዝ ሙት አይደለም። በየቀኑ ይቀደስበታል። ሁለተኛ ሙት እንዳትል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስለ ቻይንኛው ነው ያልኩት።

ዘዋሸራ፦
ቀጥለህ ግእዝን አመጣህ።

ሚኪ ባይት፦
በግእዝ ከተጻፈ ቁጥሩ ችግር ነው፤ ዜሮ የለውም። ፩ ይላል፣ ፲ ይላል፣ ፻ ይላል፣ ዜሮ ግን የለም። ባዶ ጉድጓድ ምን ተብሎ ይጻፋል?

ሐና፦
ባዶ ጉድጓድ አይጻፍም፤ ይተዋል። ገበጣ ላይ ባዶውን ማን ይጽፈዋል።

ጋሽ ታዴ፦
እኔ ከኢንተርካል አንድ ነገር ቢወሰድ ደስ ይለኛል። «እባክህ» የሚለውን ትተን፣ አንተ፣ አንቺና እርስዎን የሚለይ ኮምፓይለር። ማሽኑን በ«አንተ» ካዘዝከው አይሠራም፤ በ«እርስዎ» ብቻ ካዘዝከውም ራቅከኝ ይላል።

ቤቲ ጉለሌ፦
ጋሼ፣ ይህን ከእርስዎ ጋር እሠራዋለሁ። ቅዳሜ ይመችዎታል?

ጋሽ ታዴ፦
ይመቸኛል። ግን መጀመሪያ ያንን የሰላም ፕሮግራም በፎቶ ላኪልኝ። ስልኬ ላይ ፥ እና ፦ አይለዩኝም፤ ግራ መመለሱንና ዙር መክፈቱን እያምታታሁ ነው።

የአዳማው፦
እኔ ልወጣ ነው፤ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፈተና አለኝ። የሚጠይቁኝ ስለ ሪአክት፣ ስለ ዌብ መሥሪያው ነው። ስለ ነጥብ አይጠይቁኝም።

ሐና፦
የትኛውን ክፍል ነው የምትፈራው? እስከ 5 ሰዓት ማታ አለሁ፤ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

የአዳማው፦
ሁክስ የሚባለውን የሪአክት ክፍል። እልክልሻለሁ፤ ተባረኪ። ቤቲ፣ አልተስማማሁም።

ቤቲ ጉለሌ፦
እኔም። ፈተናውን እለፍልኝ።

ሚኪ ባይት፦
፠ን ግን ማንም አልመለሰልኝም። ዘጠነኛዋ ምን ትሥራ?