ልጄ ለወንበሩ ረዘመ፣ ኪሎው ግን ገና ነው

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 16 ወሩ ነው፤ 11.2 ኪሎ ይመዝናል፣ ቁመቱ 82 ሳንቲ ሜትር። የመኪና ወንበሩ በሁለቱም አቅጣጫ የሚገጠም ዓይነት ነው፤ የልጁ ፊት ወደ ኋላ ሆኖ እስከ 18 ኪሎ እንደሚይዝ ጎኑ ላይ ተጽፏል።

እግሩ ታጥፎ የመኪናውን መቀመጫ ስለሚነካ ብቻ "በቃ አዙረው" የሚሉኝ አሉ። የእግር መታጠፍ ግን የማዞሪያ ምልክት አይደለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ አንገቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ጭንቅላት ከሰውነት አንጻር ከባድ ነው፣ የአንገት አጥንቶችም ገና አልጠነከሩም፤ ከፊት ግጭት ቢመጣ ወደ ኋላ የዞረ ወንበር ጉልበቱን ለጭንቅላቱም ለመላ ጀርባውም ያካፍለዋል።

ችግሩ ከላይ ነው። የወንበሩ መመሪያ ከልጁ አናት እስከ መደገፊያው ጫፍ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ ይላል። ትናንት የራስ መደገፊያውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ፣ ጃኬቱን አውልቄ፣ ወገቡን ከወንበሩ ጀርባ ጋር አጣብቄ፣ ማሰሪያውን አጥብቄ፣ አናቱ ላይ መጽሐፍ አግድሜ ለካሁ። የተረፈው 2 ብቻ ነው። ወንበሩን ይበልጥ ባስተኛውም ክፍተቱ አልጨመረም፤ ጭራሽ የማዘንበያ ምልክቱ ከተፈቀደው መስመር ስለወጣ ወደ ቦታው መለስኩት።

ክብደቱ 6.8 ኪሎ እየቀረው ቁመቱ ብቻ ካለፈ፣ ይህንኑ ወንበር ወደ ፊት ላዙረው ወይስ መደገፊያው ረዘም ያለ ሌላ ወንበር ፈልጌ ፊቱ ወደ ኋላ እንደሆነ ላቆየው?