እምነት ጫማ ነው እንዴ?

ነገረኛዋ፦ ትናንት ማታ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ተንታኝ «ሃይማኖት የግል ጉዳይ ነው፤ አደባባይ ላይ ቦታ የለውም» ብሎ ነገሩን በአንድ አፍ ዘጋው። አወያዩም ራሱን ነቀነቀና ወደ ማስታወቂያ ሄዱ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እምነት ጫማ ነው እንዴ፣ ደጃፍ ላይ አውልቄ ሥራ የምገባው?

ታዛቢ፦ ሰውየው ምን አጠፋ? ጌታ ራሱ «የቄሣርን ለቄሣር» ብሎ የለ?

ነገረኛዋ፦ ግማሹን ጠቅሰህ ሮጥክ። «የእግዚአብሔርንም ለእግዚአብሔር» የምትለዋ የት ገባች?

ታዛቢ፦ እሷማ ቤተ ክርስቲያን ገባች። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ሳንቲም ሰብሳቢ፦ ታዛቢ፣ እስቲ ገንዘቧን አያት። ያኔ ይሠራበት የነበረው የጢባርዮስ ዲናር ላይ የንጉሡ መልክ አለ፤ ዙሪያውን ደግሞ «የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ» የሚል ተጽፎበታል። ቄሣር ራሱ ሃይማኖቱን ብር ላይ አትሞ በየገበያው በትኗል። ደግሞ የተጠየቀው «ይህች መልክ የማን ናት?» ተብሎ ነው። የዲናሯ መልክ የቄሣር ከሆነ፣ የሰው መልክ የማን ነው? ዘፍጥረት 1፥27ን ግለጥ።

ታዛቢ፦ ከግብር ተነስተህ ፍጥረት ደረስክ። ስብከት አደረግከው እኮ።

ዝምተኛው፦ ወደ ጫማዋ እንመለስ። ሙሴ ቁጥቋጦው ጋ ሲደርስ ጫማህን አውልቅ ነው የተባለው። ያወለቀው በጫማው አፍሮ አይደለም፤ የቆመበት መሬት የራሱ ስላልሆነ ነው። አደባባይም የአንድ ሰው አይደለም። ሙስሊሙም፣ የማያምነውም፣ ካንቺ የተለየው ክርስቲያንም ይቆምበታል።

ነገረኛዋ፦ ጥሩ ብለሃል። ሙሴ ግን ከዚያ ቀጥ ብሎ የሄደው ፈርዖን ዘንድ ነው። «ሕዝቤን ልቀቅ» የግል ጉዳይ ነበር?

ዝምተኛው፦ በባዶ እግሩ ሄደ እያልሽኝ ነው?

ነገረኛዋ፦ ቀልዱን ተወው!

የታሪክ ተማሪ፦ በ390 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ የተሰሎንቄን ሕዝብ ባስፈጀ ጊዜ፣ የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ «ንስሐ ሳትገባ አትቆርብም» አለው። ንጉሡም ገባ። ጳጳሱ «የግል ጉዳዩ ነው» ብሎ ቢያልፈውስ?

ታዛቢ፦ ያው ቴዎዶስዮስ አይደል በ380 በአዋጅ አንዱን እምነት የመንግሥት አድርጎ ሌላውን መናፍቅ ያስባለው? ደቡብ አፍሪካስ? አፓርታይድን በጥቅስ ሲደግፉ የኖሩት ፓስተሮች ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ቢተዉት ስንቱ በተረፈ!

የታሪክ ተማሪ፦ በ1982 እ.ኤ.አ. የቤልሃርን የእምነት መግለጫ አርቅቀው አፓርታይድን የተቃወሙትም እዚያው አገር፣ ከዚያው የካልቪን ፕሮቴስታንት ቤት የወጡ ክርስቲያኖች ናቸው። እነሱም ይተዉት ነበር?

ታዛቢ፦ እኩል ለእኩል ወጣን በለኛ። አንዱ መጽሐፍ ለሁለቱም ከተጠቀሰ ዳኛው ማነው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ሊቃውንቱ ይቅር በሉኝና፣ እኔ የማውቀው አንድ ደረሰኝ ነው። ከዓመታት በፊት የምሠራበት ቢሮ ያልገባ ዕቃ እንደገባ ተደርጎ ክፍያ ተጠየቀ። እስክሪብቶውን አነሳሁት፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ጠዋት የጸለይኩበት አፌ ሳይደርቅ እንዴት ልፈርም? እምቢ አልኩ። እድገቴም በዚያው ቀረ። «የግል» የምትሉት እምነት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ታዛቢ፦ አንበሳ ነሽ። ግን ስርቆት ነውር መሆኑን ለማወቅ የግድ ክርስቲያን መሆን አለብሽ? ምንም የማያምነው ጓደኛዬም አይፈርምም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እሱንም እግዜር ይባርከው። እኔ የማወራው ስለ ራሴ ነው። ለነገሩ ከእኔ በፊት ሁለት ፊርማ ሰፍሮ ነበር። አንዱ የኛው ጉባኤ ሽማግሌ ነው።

ታዛቢ፦ ቆይ ቆይ። ሽማግሌው ፈርሟል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ፈርሟል። በአረንጓዴ እስክሪብቶ። በሳምንቱ እሁድ ስለ ታማኝነት ሰበከ።

ታዛቢ፦ ነገረኛዋ፣ የአደባባይ ክርስቲያንሽ ይኸውልሽ!

ነገረኛዋ፦ ኧረ በስመ አብ! ጫማውን ያወለቀውማ እሱ ነው። እሁድ ያደርገዋል፣ ሰኞ ቢሮ ደጃፍ ላይ ይተወዋል። ተንታኝህ የሚፈልገው ክርስቲያን ማለት እኮ እሱ ነው።

ታዛቢ፦ አደባባይ ላይ ስበኩ ያልሽው አንቺ፤ እሱ ደግሞ ሰበከ።

ነገረኛዋ፦ ስበኩ የት አልኩ? ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ታዛቢ፦ «አደባባይ» ብለሻል።

ነገረኛዋ፦ «አደባባይ» ያለው ተንታኙ ነው!

ዲያቆን ነኝ ባይ፦ ይቅርታ፣ «ሽማግሌ» የምትሉት የየትኛው ቤት ነው? እኛ ጋ ሽማግሌ የሚባል ማዕረግ የለም። ቀሲስ ነው ያለን።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ምን ያደርግልሃል?

ዲያቆን ነኝ ባይ፦ ለማወቅ ያህል። የኛ ሰው እንዳልሆነማ ገብቶኛል።

ዝምተኛው፦ ተጀመረ።

የታሪክ ተማሪ፦ ዲያቆን፣ «ቀሲስ» ራሱ ከሶርያ ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። ትርጉሙም ሽማግሌ ማለት ነው።

ዲያቆን ነኝ ባይ፦ ማን ነገረህ?

ታዛቢ፦ ዳኛው ማነው ብዬ ነበር እኮ።

ዲያቆን ነኝ ባይ፦ አንተ ቆይ። ማን ነው የነገረህ?