ከእረፍት ሲመለሱ ክፍሉን እንዴት ላረጋጋ? (ሁለተኛ ክፍል)

የደሴዋ መምህርት
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሁለተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ልጆቹ ከ60 በላይ ናቸው፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስትም አራትም ሆነው ይቀመጣሉ። ጠዋት ደህና ናቸው። ከእረፍት ሲመለሱ ግን ይጋፋሉ፣ ይጮሃሉ፣ አንዱ እርሳስ ተቀማሁ ብሎ ያለቅሳል፣ እኔ ጸጥ ሳሰኝ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። በበልግ ዝናብ ሜዳው ጭቃ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ ቀኑን ሙሉ ታፍነው ነው የሚውሉት። አንድ ልጅ አለኝ፣ በር በኃይል ሲዘጋ ዴስክ ስር ይገባል። በ2014ቱ ጦርነት ቤተሰቡ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ልጆቹን መምታትም ማንበርከክም አልፈልግም። በእንቅስቃሴና በትንፋሽ ልጆች ራሳቸውን ማረጋጋት ይለምዳሉ ሲባል እሰማለሁ። በዚህ ሁሉ ልጅ መሀል ይሆናል? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።

ኬጂ አስተማሪ፣ ኮምቦልቻ
አብሽሪ እህቴ፣ ይሆናል። ግን ከትንፋሹ አትጀምሪ። ከሜዳ የገባ ልጅ ልቡ እየመታ ነው፣ በዚያ ሰዓት «ዝም ብለህ ተቀመጥ» ብትይው ቢፈልግም አይችልም። መጀመሪያ ሁሉንም በየቦታቸው አስነሺያቸው። ሁለት መዳፋቸውን ዴስኩ ላይ አድርገው ወደ ታች በደንብ ይጫኑ፣ አስር ቁጠሪና ይልቀቁ። ደግመው ይጫኑ። ቀጥሎ ትከሻ ነው። የወሎ ልጅ እስክስታ ማን ያስተምረዋል! በፍጥነት ይጀምራሉ፣ አንቺ ፊት ለፊት ቆመሽ እየቀነስሽ፣ እየቀነስሽ ትሄጃለሽ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ትከሻ ብቻ ቀስ ብሎ ወጣ ገባ ይልና ይቆማል። ዓይናቸው አንቺ ላይ ስለሆነ ክፍሉ ያለ ጩኸት ዝም ይላል። ያኔ ይቀመጡ፣ አንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው በአፍንጫ ያስገቡ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብለው እፍ ይበሉ። አራት አምስት ጊዜ ይበቃል። ሁሉም ተደምሮ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፣ ግን በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይሁን። ሲረብሹ ብቻ ካመጣሽው ቅጣት ነው የሚመስላቸው።

የተማሪዎች አማካሪ
ከላይ የተጻፈው ቅደም ተከተል ትክክል ነው። ወደ ውጪ የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ይቀንሳል፣ «እፍ»ው ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል በስሎ የሚያበቃው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የሰባት ዓመት ልጅ ብቻውን እንዲረጋጋ መጠበቅ አይገባም፣ የአንቺን እርጋታ አይቶ ነው የሚከተልሽ።

ተአምር ግን አትጠብቂ። እንግሊዝ አገር ማይሪያድ የሚባል ትልቅ ጥናት ነበር፣ ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉ ከ8,000 በላይ ተማሪዎች ላይ ተሞክሮ የማይንድፉልነስ (ሐሳብን ሰብስቦ አሁን ያለውን በእርጋታ የማስተዋል ልምምድ) ትምህርቱ ከተለመደው የተሻለ ለውጥ አላመጣም። ብዙዎቹ ልጆች ቤት ሄደው አልተለማመዱትም። በእርግጥ እነዚያ ከአንቺ ልጆች በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ቢሆንም ረጅም ዝምታና ስብከት ልጅ ላይ አይሠራም ለማለት ያህል ነው።

ዴስክ ስር የሚገባውን ልጅ በምንም ምክንያት ዓይንህን ጨፍን አትበይው። የፈራ ልጅ ዓይኑን ሲጨፍን ፍርሃቱ ሊብስበት ይችላል። ዓይኑን ገልጦ ሰሌዳውን ይይ። በሩ የሚታየው ቦታ አስቀምጪው፣ በሩን ከመዝጋትሽ በፊት ንገሪው። ካልቀለለው ቤተሰቡን አነጋግረሽ ወደ ባለሙያ ይሂድ፣ ይሄ በትንፋሽ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

ወላጅ፣ ፒያሳ
እኔ የምለው ለወላጅ አስቀድመሽ ንገሪ። ልጄ «ዓይናችንን ጨፍነን ተንፍሱ ተባልን» ስትለኝ ደንግጫለሁ፣ የሆነ እምነት የሚያስተምሯቸው ነበር የመሰለኝ። መምህሯ አሳይታኝ ነው የተረጋጋሁት። እዚህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ በወላጆች ስብሰባ ላይ እዚያው ቁጭ ብለን አብረን ብንሠራው ማንም አይቃወምም።

ጡረተኛ መምህር
ልጄ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ስለረበሸ እረፍት የሚከለከል ልጅ ብዙ አይቻለሁ። መሮጥ የሚያስፈልገው እሱ ነው እኮ! የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። ሰኞ ማክሰኞውን፣ ገመዱን ይዝለሉ፣ አትንፈጓቸው። ሜዳ ማዞርንም ለቅጣት አታድርጉት፣ ልጁ እንቅስቃሴን ይጠላል። በጣም የሚቁነጠነጠውን ደብተር ሰብስብ፣ ወንበር አንሳ በይው፣ ከባድ ነገር የተሸከመ ልጅ ይሰክናል።

የደሴዋ መምህርት
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ በትከሻው እጀምራለሁ። የኮምቦልቻዋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ግድግዳችን ስስ ነው፣ ጎረቤት ክፍል እንዳይረበሽ ምን ታደርጊያለሽ?

ኬጂ አስተማሪ፣ ኮምቦልቻ
እግርና ጭብጨባ አታስገቢ፣ መዳፍና ትከሻ ብቻ። ቁጥሩንም በጣትሽ አሳዪያቸው እንጂ አትጥሪው።