ሞካ ላይ ሦስቱም 20 አመጡ፤ ጉዳታቸው እኩል ነው?

ጥያቄ፦ አልዛይመር፣ ፓርኪንሰንና ስትሮክ ያለባቸው ሦስት ታካሚዎች የማስታወስና የማሰብ ችሎታን በሚለካው አጭር የሞካ ምርመራ ከ30 እኩል 20 አገኙ። «የማሰብ ችሎታቸው እኩል ተጎድቷል» ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

መልስ፦ አይጻፉ፤ ነጥቡ የት እንደጎደለ ይዩ። ብዙ የሚናገረው አምስት ቃላት ተነግረውት ቆይቶ እንዲያስታውሳቸው የሚጠየቅበት ክፍል ነው። ታካሚው ከአምስት ደቂቃ ገደማ በኋላ አንዱን ቃል ካጣው መጀመሪያ ምድቡን ይንገሩት፤ «የሰውነት ክፍል ነው» ይበሉት። አሁንም ካልመጣለት ሦስት ቃል አቅርበው ያስመርጡት። አልዛይመር ላይ አዲስ ትውስታ የሚያስቀምጠው የአንጎል ክፍል (ሂፖካምፐስ) ቀድሞ ስለሚጎዳ ቃሉ ከመነሻው በቅጡ አልተቀመጠም፤ ፍንጩ እምብዛም አይረዳም። ፓርኪንሰን ላይ ግን ብዙ ጊዜ ፍንጭ ሲሰጥ ቃሉ ይመጣል፤ የከበደው ፈልጎ ማውጣቱ ነው። በፍንጭ የመጣ ቃል ነጥብ አይቆጠርለትም፤ ቢሆንም ጎን ላይ ይመዝገብ፣ ሁለቱን የሚለየው እሱ ነውና።

መልስ፦ ስትሮክ ላይ የተመታው የአንጎል ቦታ ይወስናል። የንግግር ክፍል ከተመታ ታካሚው ትእዛዙ ስላልገባው ብቻ በቃል የሚሠራው ሁሉ ይወድቃል። በቀኝ በኩል ከተመታ ደግሞ ሰዓት ሲስል የግራውን ቁጥሮች ሊተዋቸው ይችላል። ይህን የማስታወስ ችግር ብሎ መመዝገብ ትልቅ ስህተት ነው። የፓርኪንሰኑን ታካሚ ሌቮዶፓው (የፓርኪንሰን መድኃኒቱ) በሚሠራበት ሰዓት ይፈትኑት፤ መድኃኒቱን የወሰደበትንም ሰዓት ይጻፉ፤ በቀጣዩ ቀጠሮ በዚያው ሰዓት ካልተፈተነ ውጤቱን ማወዳደር አይቻልም።

መልስ፦ ከዚያ በፊት የመስማትና የማየት ችግር፣ ድብርት፣ ድንገተኛ መቃዠት፣ የታይሮይድና የቢ12 እጥረት መኖር አለመኖሩ ይጣራ። እንደ አሚትሪፕቲሊን (የድብርት መድኃኒት) ያለ መድኃኒት ብቻውን ነጥብ ያወርዳል። 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ 1 ነጥብ ይጨመራል። ፍሮንቶቴምፖራል የሚባለው የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) ከሆነ ደግሞ ጠባይ ተለውጦ ነጥቡ ደህና ሊሆን ስለሚችል ቤተሰቡን ሳይጠይቁ አይለፉ።

ጥያቄ፦ አመሰግናለሁ። የፓርኪንሰኑ ታካሚ የሌሉ ሕፃናት ይታዩታል፤ አንዳንድ ቀን ንቁ፣ አንዳንድ ቀን ፍዝዝ ይላል። ሉዊ ቦዲ የሚባለው የዲሜንሺያ ዓይነት ይሆን?

መልስ፦ የትኛው እንደቀደመ ይጠይቁ። የመርሳት ችግሩ ከእንቅስቃሴው ችግር በፊት ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከመጣ ሉዊ ቦዲ ይባላል፤ ፓርኪንሰኑ ከዓመት በላይ ቆይቶ ከሆነ የፓርኪንሰን ዲሜንሺያ። የመድኃኒቱን መጠን መርምሩ፤ ሌቮዶፓም ሆነ ሌሎቹ የፓርኪንሰን መድኃኒቶች ራሳቸው የሌለ ነገር ሊያሳዩ ይችላሉ። የትኛውም ቢሆን ሃሎፔሪዶል (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) እንዳይሰጠው ካርዱ ላይ በጉልህ ይጻፉ፤ ሰውነቱን ሊያገትረውና ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል።