የቀይ ቀበሮን ቁጥር ከፀጉሩ ማወቅ ይቻላል?

ጠያቂ (አራት ኪሎ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ የሥነ ሕይወት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ላይ ለመሥራት አስቤያለሁ፤ እንስሳውን ሳልይዝና ሳላደነዝዝ፣ በቁጥቋጦና በድንጋይ ላይ ከሚቀረው ፀጉር ዲኤንኤ በማውጣት ብዛቱን ለመገመት። አማካሪዬ ግን «ከፀጉሩ የትኛውን ክፍል ነው የምታገኘው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ልዩነት ያመጣል?

መላሽ 1 (ፒያሳ)፦
በእጅጉ ያመጣል። አንዱን እንስሳ ከሌላው የሚለየው የኅዋስ አስኳል ዲኤንኤ በቂ ሆኖ የሚገኘው ከፀጉሩ ሥር ሲሆን፣ ሥር የሌለው ዘንግ የሚሰጠው በአብዛኛው ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነው። በራሱ ጊዜ ከረገፈ ፀጉር ይልቅ ተነቅሎ የወጣው ይመረጣል። በሰሜን አሜሪካ ድብ የሚቆጥሩ ተመራማሪዎች በማባበያ ሽታ ዙሪያ እሾሃማ ሽቦ የሚወጥሩት ለዚሁ ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በሰሜን ሞንታና ከሽቦና ድቦቹ ከሚታከኩባቸው ዛፎች በተሰበሰበ ፀጉር 765 ግሪዝሊ ድቦች እንዳሉ ተገምቷል። ናሙናውን በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ፖስታ፣ ከሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡ፤ እርጥበት ዲኤንኤውን ይበላዋል።

መላሽ 2 (ስድስት ኪሎ)፦
ወንድሜ፣ በቀይ ቀበሮ ላይ ሌላም ችግር አለ። በባሌ የወብ ሸለቆ ወንድ ውሾች ከሴት ቀበሮዎች ጋር ተዳቅለው የተወለዱ ዲቃላዎች በዘረ መል ጥናት ተረጋግጠዋል። እናታቸው ቀበሮ ስለሆነች፣ ሥር የሌለው ፀጉራቸው ቢመረመር ውጤቱ «ቀይ ቀበሮ» ይላል፤ የአባታቸውን ውሻነት የሚያጋልጠው የአስኳሉ ዲኤንኤ ብቻ ነው። ደግሞስ ቀይ ቀበሮ በቀን፣ በገላጣ ሜዳ ላይ የሚያድን እንስሳ ስለሆነ መንጋውን በዓይን መቁጠር ይቻላል። ለቆጠራ ብቻ ከሆነ፣ ፀጉሩ ይበልጥ የሚጠቅመው በጥድና በኮሶ ደን ለሚሸሸገው ለደጋ አጋዘን ይመስለኛል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ጥያቄዬን ከ«ስንት ናቸው?» ወደ «ስንቱ ተዳቅሏል?» ብለውጠውስ?

መላሽ 2፦
የተሻለ ጥያቄ ነው። ሆኖም ከአንድ ፀጉር የሚገኘው ዲኤንኤ ጥቂት ስለሆነ፣ ከእናትና ከአባት ከተወረሱት ሁለት ቅጂዎች አንዱ ሳይነበብ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ ዲቃላው ንጹሕ ቀበሮ ይመስላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ናሙና ደጋግመው ያንብቡ። ባሌ ከመውረድዎ በፊትም ወላጆቹ ከሚታወቁ የቤት ውሾች ፀጉር ነቅለው፣ ቤተ ሙከራው ትክክለኛውን ልጅ ከትክክለኛው አባት ጋር ማገናኘት መቻሉን ይፈትኑ።